አባባን ከድብ አደን ለማስቀረት

ገና ሲቃረብ በየሱቁ ደጃፍ የሚደረደሩት ጥዶች ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ልጆቼ ደስ ብሏቸው ወደ ዛፎቹ ይሮጣሉ፣ እኔ ግን ባለሁበት ቆሜ እናደዳለሁ። ሽታው ለሌላው ሰው የበዓል ነው፤ ለእኔ ግን ቴክሳስ ውስጥ ጋርላንድ የነበረው አፓርትማችን፣ የእማዬ ጩኸትና የአባባ ዝምታ ነው። አባባ ስፕሪንጉን ሙሉ የጥድ ቅርንጫፍ እየቆረጠ ያመጣና ሳሎናችን ጥግ በተቀመጠ ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይጨምር ነበር፤ በሳጥኑ ውስጥ ቅጠል የመሰለ ሱሪና ጃኬት ነበረ፣ የተገዛውም ለድብ አደን ነበር። እናንተዬ፣ ድብ! ወሎ ተወልዶ፣ ዕድሜ ልኩን በግ ሲታረድ እንኳን ፊቱን የሚያዞር ሰው!

ነገሩ የጀመረው በብርዱ ወራት ነው። ቤንዚን የተወደደበት ጊዜ ነበር፣ እኔም አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባባ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ መጋዘን ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ይውል ነበር፤ አለቃው ሚስተር ሮይ የሚባል፣ ዩለስ ከተማ የሚኖር፣ ጡረታ ለመውጣት የተቃረበ የቴክሳስ ሰው ነበር። መኪናችን የተበላሸች ጊዜ ከዩለስ ጋርላንድ ድረስ እየመጣ አባባን ሳምንቱን ሙሉ ያመላለሰው እሱ ስለነበር፣ ቤታችን ውስጥ ስሙ በክብር ነበር የሚነሣው። እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ቀን ምሳ ላይ «በግንቦት ወደ አይዳሆ ለጥቁር ድብ አደን እሄዳለሁ፣ ጫካውን የሚያውቅ መሪ ቀጥሬያለሁ፣ ወንድሜ ዘንድሮ አይሄድምና በእሱ ቦታ አንተ ና» አለው። አባባም «እሺ» አለ።

አባባ እምቢ ማለት አያውቅም ነበር። ይሉኝታው እንዲያው ለጉድ ነበር፤ በስልክ ዕቃ ለሚሸጡ ሰዎች እንኳን «እሺ፣ እሺ» እያለ ሲቆይ እማዬ የሚታጠፈውን ስልኩን ከእጁ ነጥቃ ትዘጋበት ነበር። ያን ቀን ማታም በር ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን እያወለቀ ነገሩን እንደ ተራ ወሬ ሲነግራት ለጊዜው አላመነችውም።

«ድብ ይበላል?» አለችው።

«አይበላም። ሐራም ነው።»

«ታዲያ የማትበላውን ምን ብለህ ትገድላለህ?»

«ሚስተር ሮይ ና ብሎኝ ነው።»

«ሚስተር ሮይ ገደል ግባ ቢልህስ?»

አባባ ሁለተኛውን ጫማ ማውለቅ ቀጠለ።

ብርዱ አልፎ ዛፉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ዝግጅቱ ቤታችንን ገልብጦት ገባ። የጫካው መሪ ከአይዳሆ ኮል ሲያደርግ አባባ ስልኩን ለእኔ ይሰጠኝ ነበር፣ ምክንያቱም ከቤቱ እንግሊዝኛ ይሻል የነበረው የእኔ ነው። ሰውየው ደግሞ ስለ ሽታ ተናግሮ አይጠግብም ነበር፤ የድብ አፍንጫ ከውሻ አፍንጫ ይበልጣል፣ ልብሱ ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠብ፣ ውጭ ይሰጣ፣ ወጥ ቤት አጠገብ አይድረስ ይል ነበር። እኔ እየተረጎምኩ የእማዬን ፊት አያለሁ። ባለ ሁለት መኝታ አፓርትማ ውስጥ ወጥ ቤት አጠገብ ያልሆነ ቦታ የት አለ? አባባ ልብሱን በረንዳ ላይ ሰጣው፤ የአፓርትማው ማናጀር መጥታ በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ክልክል ነው ብላ አስወረደችው። ከዚያ ወዲያ ነው፣ ልብሱ ጫካ ጫካ እንዲሸት፣ ሳጥኑና ጥዱ የመጣው፤ አባባ ሳጥኑን በከፈተ ቁጥር እማዬ ምድጃውን እንድታጠፋ በእጁ ምልክት ያሳያት ነበር።

«ለድብ ብዬ ሽንኩርት አልጠብስ?» ትል ነበር ማማሰያዋን እንደያዘች። «ዘንድሮ ልጆቼን ምን ላብላ፣ ቅጠል?»

እሑድ እሑድ ሚስተር ሮይ ተኩስ መለማመጃ ወስዶት ይመልሰዋል፤ አባባ ትከሻው በልዞ ይመጣና እማዬ እየተሳደበች ቅባት ትቀባው ነበር። የአዳኞች ትምህርት መውሰድ ግዴታ ስለነበር መጽሐፉን እያነበብኩ የምተረጉምለት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ፣ ነገር ከመድረሱ በፊት ክፉውን አስቤ እጨርሳለሁ፤ የራሴን ትምህርትም በኋላ ብዙ ሳልገፋበት ተውኩት፣ የዚያን መጽሐፍ ሥዕሎች ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። አንዱ ገጽ ላይ ድቡ ከመጣብህ አትሩጥ፣ በርትተህ ተዋጋው የሚል ነበረ። አንብቤ ስነግረው አባባ ራሱን ነቅንቆ «እሺ» አለኝ።

እማዬ ከወጥ ቤት ሰምታ ወጣች። «አንተ እኮ ድቡ ራሱ ና ልብላህ ቢልህ እሺ ነው የምትለው!» አለችው። ታናናሽ ወንድሞቼ ሳቁ፤ እኔ ግን አልጋዬ ላይ ሄጄ አለቀስኩ፣ ምክንያቱም እውነቷን ነበር።

ሚያዝያ ላይ እማዬ ትዕግሥቷ አለቀ። አባባን በልመናም በኩርፊያም ማስቀረት ሲያቅታት፣ በአገራችን ሰው የሚያደርገውን አደረገች፤ ወደ ሚስተር ሮይ ሽማግሌ ላከች። አባባ ትርፍ ሰዓት ሊሠራ በገባበት ቅዳሜ፣ ሐጂ ይማም ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ጋሽ ተስፋዬ በሱፍ ልብስ ላይ ነጠላ ደርበው፣ ሦስተኛው ሽማግሌ ጋሽ አሊ ደግሞ የራሳቸውን ታክሲ እየነዱ መጡልን። እኔን አስተርጓሚ ብለው ኋላ ወንበር ላይ መሀላቸው አስቀመጡኝ። «ለሰውየው በትሕትና ንገሪው» አለችኝ እማዬ በመስኮቱ፤ «አባትሽን በሰላም ይልቀቅልኝ፣ ሌላ አልፈልግም።»

ሚስተር ሮይ ግቢው ውስጥ ሣር ሲያጭድ ነበር። ሦስቱን ሰዎች በሰልፍ ሲመጡ ሲያይ ቤት ለቤት የሚሰብኩ መስለውት ማሽኑን አጥፍቶ፣ «አመሰግናለሁ፣ እኔ የራሴ ቤተ ክርስቲያን አለኝ» አለን። የሰይድ ልጅ ነኝ ስለው ፊቱ ተለዋወጠና «ሰይድ ምን ሆነ?» ብሎ ወደ እኔ ሮጠ። ምንም እንዳልሆነ ሲያውቅ በረንዳው ላይ ወንበር ደርድሮ፣ በረዶ ያለበት ሻይ ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም፣ ሻዩንም አልነኩም። ጉዳዩ ሳይፈጸም ሽማግሌ እንደማይቀመጥ እኔ አውቃለሁ፤ ሚስተር ሮይ ግን ከየት ይወቀው? ወንበሩን በእጁ እየጠረገ «ንጹሕ ነው እኮ» ይለኛል፣ እኔ በሐፍረት መሬቱ ተከፍቶ በዋጠኝ እላለሁ። ሐጂ ይማም ደግሞ ከአገር ሰላም ጀምረው፣ ስለ ዝናቡ መርቀው፣ ስለ ሣሩ ማማር አመስግነው፣ ወደ ጉዳዩ እስኪደርሱ ሻዩ ውስጥ የነበረው በረዶ ሟሟ።

በመጨረሻ ደረሱ። «ሰይድ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም፣ ባለቤቱ ግን በሥጋት ልትሞት ነው፤ ይህን ቃል እርስዎ ይፍቱለት ብለን እግርዎ ሥር መጥተናል» አሉ፤ እኔም እንደምንም ተረጎምኩት።

ሚስተር ሮይ ባዶዎቹን ወንበሮች ትቶ በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለና ኮፍያውን አወለቀ። ከወንድሙ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ በየስፕሪንጉ ይሄዱ እንደነበር፣ ወንድሙ ባለፈው መኸር እንደሞተ፣ ሥራ ቦታ ለማንም እንዳልተናገረ ነገረኝ። «ድብ የሚጠበቀው ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ በመቀመጥ ነው» አለ። «መጋዘኑ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ አጠገቤ ተቀምጦ ምንም የማያወራ ሰይድ ብቻ ነው። ካልፈለገ ግን ይቅር፣ አልቀየመውም።»

ይቅር አለ! በጆሮዬ ሰማሁት። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ ስተረጉም ገና «ወንድሙ ሞቶ» ስል ሐጂ ይማም እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ሞቶ?» አሉ። «መቼ?»

«ባለፈው መኸር፤ ሐጂ፣ ግን ይቅር ብሏል እኮ፣ ኦኬ ብሏል፣ እንሂድ።»

«ዝም በይ ልጄ፣ ሰው ሞቷል።»

ሦስቱም ተያዩ። ጋሽ ተስፋዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ሐጂ ይማም ለቅሶ ደርሶ ቆሞ መሄድ ነውር ነው አሉና ተቀመጡ፣ ሁለቱም ተከትለዋቸው ተቀመጡ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። ሐጂ ዱዓ አደረጉ፣ ጋሽ ተስፋዬ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉት፣ ከዚያም የወንድሙን ስም፣ አሟሟቱን፣ የልጆቹን ብዛት ሁሉ ጠየቁት። ሚስተር ሮይ መጀመሪያ እየተቆጠበ፣ ኋላ ማቆም እያቃተው ተናገረ፤ እኔ ደግሞ እግሬ እስኪዝል ተረጎምኩ። ቀዝቃዛውን ሻይ ጠጡት፣ ድጋሚም ተቀዳላቸው። ስንነሣ ሐጂ ይማም የሚስተር ሮይን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ሰይድ አብሮዎት ይሄዳል። የሚበላ አይደለምና አይተኩስም፤ አጠገብዎ ይቀመጣል» አሉት። ይህንንም የተረጎምኩት እኔው ነበርኩ።

እማዬ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ከፊቴ ነው መሰለኝ ገና ሳልናገር ገባት። ሐጂ ይማም ሐዘንተኛን ብቻውን ጫካ መላክ በየትኛውም ሃይማኖት እንደማይፈቀድ ሊያስረዷት ቢሞክሩ አላዳመጠቻቸውም።

«የእኔ ሽማግሌ ሆነው ሄደው የእሱ ሽማግሌ ሆነው መጡ!» አለች ለእኔ፣ እነሱ እንዲሰሙ። «ጠመንጃውን ደግሞ አስቀሩልኝ! ጭራሽ ባዶ እጁን? ድቡስ ሽምግልናውን ሰምቷል?»

አባባ ከሥራ ሲገባ ሁሉንም ሰማ። ሽማግሌ ተልኮበት ይቆጣል ብዬ ስፈራ፣ ግድግዳውን ተደግፎ «እኔም ወንድሙ መሞቱን አላውቅም ነበር» አለ። «ወንድምህ ለምን አይሄድም ብዬ ልጠይቀው ነበር፤ አፈርኩ።» በነጋታው ጠዋት እማዬ ሳጥኑን ከፍታ ልብሱን እንደገና ሽታ በሌለው ሳሙና ስታጥብ አየኋት፤ ፊቷ እንደተቋጠረ ነበር።

ግንቦት ሲገባ በሚስተር ሮይ ፒክአፕ ሄዱ። እዚያ ተራራ ላይ ስልክ ስለማይሠራ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ድምፁ ጠፋ። በዚያው ሳምንት ጋርላንድ ላይ የአውሎ ነፋስ ሳይረን ጮኸ፤ እማዬ ወንድሞቼንና እኔን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ደራርባ፣ ከላያችን ፍራሽ ጭና፣ በአንድ አፏ ቁርኣን እየቀራች በሌላው አባባን ትወቅስ ነበር። «እሱ ከድብ ተርፎ ይመጣል፣ ከዚያ ማንን ሊያገኝ ነው?» ትላለች። በጨለማው ውስጥ ክንዷን ይዤ፣ አባባ ተመልሶ እንዲመጣ እንጂ አውሎ ነፋሱ እንዲያልፍ መለመኑ ትዝ አላለኝም። አውሎ ነፋሱ በሌላ በኩል አለፈ።

አባባ ጢሙ አድጎ፣ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ መጣ። እማዬ አገላብጣ አየችውና ምንም እንዳልጎደለ ስታረጋግጥ ንዴቷ ተመለሰ።

«ድቡስ?» አለችው።

«መጣ፣ አየን። ሚስተር ሮይ ጠመንጃውን አላነሣም። ድቡ ሄደ።»

«ሁለት ቀን ነድታችሁ፣ ለመቀመጥ?»

«አዎ» አለ አባባ፣ «ተቀመጥን።» እኔም ልጅ ስለነበርኩ፣ ያን ሁሉ ፍርሃት ያስከፈለኝ ነገር ይኸው ብቻ መሆኑ አናደደኝ።

አሁን የምንኖረው ማኪኒ ነው። እኔም የልጆች እናት ሆኜ፣ ከእማዬ የባስኩ ፈሪ ወጥቶኛል። ባለፈው መኸር ጎረቤታችን ትልቁን ልጄን ከልጁ ጋር ለአጋዘን አደን ልውሰደው ብሎ በስልክ ጻፈልኝ። «አይመቸውም፣ እናመሰግናለን» ብዬ መለስኩ፣ ወዲያው የአውራ ጣት ምልክት መጣልኝ፣ አለቀ። ሽማግሌ አልተላከ፣ ማንም በረንዳ ላይ አልቆመም፣ ልጄም አመሻሹን አኩርፎ ረሳው። እንዲህ ቀላል መሆኑን ሳይ፣ ያ ሁሉ ጣጣ ምን ነበር እያልኩ በአባባም በእማዬም ተናደድኩ። ጎረቤታችን አሁንም ስንገናኝ በትሕትና ሰላም ይለኛል። ከመንደሩ ልጆች ሁሉ ለምን የእኔን ልጅ እንደመረጠው ግን አልጠየቅኩትም።