ጉትቻቸው የወለቀ በጎች

ሦስቱን በጎች ገዝቼ ካመጣሁ ጀምሮ አምስት ቀን ሙሉ ጥርሳቸውን ሳይ፣ ላታቸውን ስዳብስ ከረምኩ እንጂ ጆሯቸውን ልብ አላልኩም። ጆሮ ማን ያያል? ያየችው ልትከትባቸው የመጣችው የእንስሳት ሐኪም ናት። አንደኛዋን በግ በጉልበቷ መሐል ያዝ አደረገችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ጉትቻቸውስ?»

«የምን ጉትቻ?»

ጆሮዋን ወደ ፀሐይ ገልጣ አሳየችኝ። መሐሉ ላይ ሽምብራ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው የጠዋት ብርሃን ያልፋል። ሁለተኛዋም እንደዚያው። የሦስተኛዋ ጆሮ ከቀዳዳው እስከ ጫፉ ተተርትሮ፣ ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል።

ነገሩ ገባኝ። ከጦርነቱ ሽሽት መልስ ቤታቸው ባዶ ሆኖ ለቆያቸው ሰዎች የታደሉ በጎች ነበሩ። ጆሯቸው ላይ ቁጥር ያለው ቢጫ ፕላስቲክ ይሰካል፤ ሰዉ ጉትቻ ይለዋል። ለእርባታ እንጂ ለገበያ ስላልሆኑ፣ የቸገረው ሰው በጉን ሊሸጥ ሲል ጉትቻውን ነቅሎ ይጥለዋል። ሌባም ይነቅለዋል። ቀዳዳው ደግሞ የቸገረውንና የሌባውን ለይቶ አይናገርም።

«ዋስ አልጠሩም እንዴ ሲገዙ?» አለችኝ።

አልጠራሁም። በእኛ አገር በግ የሚገዛ ሰው ከሻጩ ሰፈር አንድ ሰው ያስቆማል፤ «አውቃታለሁ፣ በጎቹ የራሷ ናቸው» ብሎ የሚመሰክር። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ይህን አጣሁት ማለት አልችልም። ግን ኮምቦልቻ የበግ ተራ ገብቼ ከአንዲት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ካወረደች ሴት ጋር ዋጋ ስቆርጥ፣ ልቤ መውጫውን ነበር የሚያየው። በዚያ ተራ ብዙ መቆም አልችልም። ቀድሞውንም እዚያ የላከችኝ እናቴ ናት። «ግቢው ጭር አለብኝ፣ በግ ግዛ» አለችኝ። ደሴ እገዛለሁ ስላት «ኮምቦልቻ ሂድ አልኩህ» ብላ ተቆጣች። ደሴ በግ የጠፋ ይመስል! እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ያን ጠዋት እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ፀሐይ እየሞቀች፣ ስንቴ ተበጥሶ ስንቴ የተቋጠረ የዱዓ መቁጠሪያ ሙስበሃዋን ትቆጥር ነበር። የምንለውን የምትሰማ አትመስልም።

ስለ ቀዳዳው ከዚህ በላይ እንድናወራ አልፈለግሁም። እንዲህ ያለ ጆሮ አውቃለሁ። ምልክቱን ያወለቀችውን እጅም አውቃታለሁ፤ የኔ እጅ ናት።

ያኔ ከተማው ሲለቀቅ እኛም ከደሴ ዙሪያ ወጥተን፣ በኮምቦልቻ አድርገን በእግራችን ሐርቡ ወረድን። እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። ሐርቡ ዛፍ ሥር አረፍ እንዳልን ወንድሜ ራሱን ይዞ ተነሣ። «በጎቹን እንደታሰሩ ትቻቸው መጣሁ። በውሃ ጥም ሊያልቁ ነው» አለ። ለመንነው። እኔማ ሰደብኩትም፤ «ለበግ ብለህ ልትሞት ነው?» አልኩት። ለወንድሜ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። «ፈትቻቸው እመለሳለሁ» ብሎ ዳገቱን ወጣ።

ስንመለስ የግቢው በር ክፍት ነበር። የበጎቹ ገመዶች ካስማው ላይ ተንጠልጥለዋል፤ አልተበጠሱም፣ አልተቆረጡም፣ በደንብ ተፈትተዋል። ደርሶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው አላገኘንም። ከበጎቹ አንዲት ግልገል ብቻ በሦስተኛው ቀን በራሷ እግር መጣች።

እናቴ ያችን ግልገል ተሳለችባት። «ያ አላህ፣ ልጄን መልስልኝ፣ ይቺ ያንተ ናት» ብላ ጆሮዋን በወስፌ በሳች፤ ቀይ ክር አሳልፋ ቋጠረችበት። የስለት በግ አትሸጥም፣ አትታረድም፤ ስለቱ እስኪሰምር ትጠበቃለች። ጠበቅን። እናቴ ጠዋት ጠዋት በሯን ስትከፍትላት «ዛሬም አልመጣ፣ አይደል?» ትላታለች። በጓ ታያታለች። የወንድሜን ስም ግን ከእኛ ከሁለታችን አንዳችንም አንጠራውም። ሞተ እንዳንል መርዶ አልመጣ፣ አለ እንዳንል እሱ አልመጣ። ግልገሏ አድጋ በግ ሆነች፤ በሩ ላይ መንገዱን እያየች ትተኛለች፤ ስገባም ስወጣም እሷን ተሻግሬ ነው።

አንድ ቀን አቃተኝ። እውነቱን ለመናገር እናቴ እንድታለቅስ ፈልጌ ነበር። አልቅሳ፣ ሰው መጥቶ አስተዛዝኖን፣ ሰደቃ አውጥተንለት እንዲያበቃ። ያቺ በግ እያለች እንደማያበቃ ታየኝ። እናቴ ለጎረቤት ቀብር የሄደች ቀን በጓን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ክር ያለበት በግ የሚገዛ ስለሌለ፣ ቁልቁለቱ ላይ ቆሜ ክሩን ልፈታው ታገልኩ። ቋጠሮው እምቢ ሲለኝ በጥርሴ ፈታሁት። በጓ ዝም ብላ ቆመችልኝ፤ ወስጄ እዚያው የበግ ተራ ሸጥኳት። ለእናቴ «ጅብ በላት» አልኳት። «ኢና ሊላሂ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። አላለቀሰችም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ላይ ስደርስ እግሬን አነሣለሁ፤ የምሻገረው ነገር ሳይኖር።

አሁን ሦስቱ በጎች፣ ማን አሳያቸው፣ የሚተኙት እዚያው በሩ ላይ ነው።

ሐኪሟ ቅጽ አወጣች። «እንግዲህ አዲስ ቁጥር ልስጣቸው ካልኩ፣ የቀድሞው ምልክት የጠፋበትን ምክንያት መጻፍ አለብኝ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ምላሴ ለውሸት መቼ ሰነፈና! «እሾህ ቀዶት ይሆናላ» አልኩ። «አጥር ለአጥር ሲሽሎኮለኩ።»

«ሦስቱንም?»

«እህሳ! እዚያው ቀዳዳው ላይ አዲሱን ሰክተሽ ገላግይኝ።»

ከግድግዳው በኩል የእናቴ ድምፅ መጣ። «ጅብ ነው በይና ጻፊለት፣ ልጄ። የዚህ ቤት ጅብ ክር በጥርሱ ይፈታል።»

ሐኪሟ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። እኔ ግን ወደ እናቴ ዞርኩ። እናቴ ሙስበሃዋን ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ። ጫፉ የታሰረው በቀይ ክር ነው። መልኩ ለቋል፤ መሐሉ ላይ ጥርስ ያኘከው ይመስል ፈትሉ ወጥቷል። ስንት ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ አይቼዋለሁ፤ አላየሁትም።

«የት አገኘሽው?»

«ኪስህ ውስጥ። ጃኬትህን ሳጥብ። ጅብ በላት ባልከኝ በሳምንቱ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ፣ እማ?»

«አንተ እስክትነግረኝ። በጓን ኮምቦልቻ መሸጥህንም ሰው ነግሮኛል፤ እዚያ የሰደድኩህ፣ ተራው ላይ ስትቆም አንጀትህ እምቢ ይልሃል፣ መጥተህ ትነግረኛለህ ብዬ ነበር። አንተ በግ ይዘህ መጣህ።» ክሩን በጣቷ አሻሸችው። «እኔ የበጓ ነገር መቼ ቆጨኝ? ተስፋ መቁረጥህን ብትነግረኝ፣ ወላሂ፣ ያን ቀን አብሬህ አለቅስ ነበር። ወንድምህን ብቻህን ቀበርከው። ለእኔ አላረዳኸኝም።»

አፍሬም ነበር፤ ተናድጄም ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን እንጃ። ሐኪሟ በጓን ለቀቀቻትና እስክሪብቶዋን ይዛ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ልጅቷ የጠየቀችኝ ስለ ሦስት በጎች ብቻ ነበር።

«አላውቅም ብለሽ ጻፊ» አልኳት። «የማን እንደሆኑ አላውቅም። ጉትቻ አትስኪባቸው። ኮምቦልቻ መልሼ እወስዳቸዋለሁ፤ ሴትዮዋን ፈልጌ ዋስ አስጠራለሁ። የሰው ሐቅ ከሆኑ ለባለቤታቸው ይመለሳሉ።»

«አብሽሩ፣ አይዞዎት፣ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፤ ክትባቱን ወግታ፣ ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች።

እናቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የበጎቹ ጆሮ ሲወዛወዝ ብርሃኑ በቀዳዳው ብልጭ ይላል። ዞር ብዬ የወንድሜን ስም ጠራሁ፤ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ መርዶ ነጋሪ እንደሚጠራው አድርጌ። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ። እናቴ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች።

«እንዲህ በለኝ እንጂ» አለችና ማልቀስ ጀመረች።