ላማችን የላሰችው ምሽግ

ትናንት ዳባት ገበያ አንዲት ነጋዴ የጨው ጆንያ ስትፈታ፣ ያ እርጥብ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ባለሁበት ቆምኩ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። ወታደሩ አጎቴ ከምጽዋ በፈቃድ ደባርቅ ቤታችን መጣና ቀዳዳ የበዛበት፣ ያው እርጥብ ሽታ ያለው ነጭ ድንጋይ ከሻንጣው አውጥቶ መደቡ ላይ አስቀመጠ። ከሚጠብቀው ምሽግ ግንብ የወደቀ ነው፤ ድንጋዩም ከባሕር የተቆረጠ ነው አለን።

«ቱርክ ሠራው፣ ግብፅ ወረሰው፣ ከዚያ ጣልያን ገባበት። አሁን እኛ አለንበት» አላቸው ለአያቴ።

እኔ ቱርክ የአንድ ሰው ስም መስሎኝ፣ ልጆቹ ግንቡን ለምን ለባዕድ እንደተዉት ግራ ገባኝ።

አያቴ ድንጋዩን በጣታቸው ነካ አድርገው ቀመሱት። «ጨው አለው» አሉና ይዘውት ወጥተው እንደ አሞሌ ለላሟ አቀረቡላት። ላሟም ዓይኗን ጨፍና ትልሰው ጀመር።

«አባዬ፣ እዚያ ግንብ ሥር ስንት ጓደኛ ቀብሬያለሁ እኮ» አለ አጎቴ።

አያቴ እጃቸውን ላሟ ጀርባ ላይ አሳረፉ።

«ቱርክም ሄደ፣ ግብፅም ሄደ፣ ጣልያንም ሄደ አልከኝ። አንተስ መቼ ነው የምትመጣ፣ ልጄ?»

አጎቴ ሳቀ፤ ወይም የሳቀ መሰለኝ። ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ስለነበር አላየሁትም። ድንጋዩን ግን ከላሟ አልወሰደባትም። ፈቃዱ ሲያልቅ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ መሞቱንም መኖሩንም የነገረን የለም።

ድንጋዩ ዛሬም በረቱ ደጃፍ ላይ አለ። ትናንት ከገበያ ስመለስ አነሣሁና በምላሴ ነካሁት። ጨዉ አልቋል። ላሟ ትጨርሰው፣ ዝናብ ይጠበው፣ አላወቅሁም።