ፊትሽ ይታይሻል?

ጁስ ቤት ደጃፍ ሳልፍ የተቆረጠ ሎሚ ሽታ ዛሬም ያቆመኛል። ለሌላው ሰው የጭማቂ ሽታ ነው፣ ለእኔ ግን ነሐስ የሚፈትግ የአባቴ እጅ ነው። አባዬ አዳማ ውስጥ ጋሪ ነጂ ነበር፤ ዳማ የምንለው ፈረሳችን ግንባሩ ላይ መዳፍ የሚያህል የነሐስ ጌጥ ነበረው፣ አባዬም ጠዋት ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ ጌጡን በግማሽ ሎሚና በአመድ ፈትጎ፣ በአሮጌ ካልሲ ወልውሎ፣ ከፊቱ ያቆመኝና በትከሻዬ ላይ እጁን አሳልፎ ጌጡን ከፊቴ እየያዘ «ፊትሽ ይታይሻል?» ይለኝ ነበር። ካልታየኝ አልታየኝም ነበር የምለው። እናቴ «ይቺ ልጅ፣ ምላሷ!» ስትል «ለዚህ እኮ ነው እሷን የምጠይቀው፣ አንቺ ታባብይኛለሽ» እያለ ይስቅ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ነፋሱ የከተማውን አቧራ በሚያስነሳበት በጋ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን «ሻይን»፣ ማብራት እንደማለት፣ የሚል ቃል ሰጥቶ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት አለን። ለፀሐይም፣ ለተወለወለ ጫማም፣ ለጎበዝ ተማሪም ያው አንድ ቃል መሆኑ ገርሞኝ ለአባዬ ነገርኩት።

«ምነው፣ ቃል ጠፍቶባቸው ነው?» አለ። «እኛ ፀሐይዋን ወጣች፣ ጫማውን አብለጨለጨ፣ ልጅቷን አኮራች እንላለን።»

«ነሐሱንስ?»

«ነሐስ ፊትሽ ካልታየበት አላበራም። አለቀ!»

እሱኑ ጽፌ ሄድኩ። አስተማሪው «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ሲለኝ «ከቤት» አልኩት።

ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ አባዬ ጎማውን ቦይ ውስጥ መክተት አበዛ፤ «ጭቃው ነው» ይል ነበር፣ እኛም ጭቃው ነው አልን። ነሐሱን ከፊቴ ይዞ መጠየቁንም ያኔ ተወ። የመስቀል ዕለት ጋሪ ነጂዎች ፈረሳቸውን በቀይ ክር አስጊጠው ይወጡ ነበርና አባዬም ነሐሱን ከወትሮው ይበልጥ ፈትጎ፣ እኔን ሳይጠይቅ ዳማ ግንባር ላይ አስሮ «እንዴት ነው?» አለኝ። ወደ ውጪ የዞረው ገጽ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ሲፈትገው ያነጋው የፈረሱን ግንባር የሚነካውን ጀርባውን ነው። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና ዝም በይ ብላ ራሷን ነቀነቀችብኝ፣ እኔ ግን የጋሪ ተራው ላይ ያሉት ነጂዎች ሲስቁበት ታየኝ።

«አባዬ፣ የተወለወለው ጀርባው ነው» አልኩት።

እጁን ሰዶ ዳበሰው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?» አለች እናቴ።

«ዳማን ጠይቂው» አለ። ለካ መንገዱን የሚያይለት ፈረሱ ነበር።

ሐኪም ቤት ሄደው ዘግይታችኋል ተባሉ። አባዬም «ሰው ጭኜማ በጨለማ አልነዳም» ብሎ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ ዳማን ከደራ ለመጣ ገበሬ ሸጠው። ገዢው በመጣበት ጠዋት ነሐሱን ከሁለቱም በኩል ፈትጎ ከፊቱ አቆመኝ።

«ፊትሽ ይታይሻል?»

በለቅሶ ያበጠ ፊቴ ታየኝ፣ ከትከሻዬ በላይ ደግሞ የእሱ ፊት፤ ዓይኖቹ ነሐሱ ወደሌለበት ያያሉ።

«ይታየኛል።»

«እውነትሽን ነው?»

«መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

እናቴ ጌጡ እንኳ ይቅርልን ብትል «ዳማ ያለሱ ወጥቶ አያውቅም፣ ይሂድ» አላት።

ዛሬ ስልክ መሸጫ ውስጥ ተቀጥሬ ቀኑን ሙሉ መስታወት ስወለውል እውላለሁ። በዋናው መንገድ ጋሪ የለም፣ ባጃጅ ነው፤ ሕንፃውም ከላይ እስከ ታች ያብረቀርቃል። አባዬ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«ከተማው እንዴት ዋለ?»

«መስታወት በመስታወት ሆኗል፣ አባዬ።»

«ታዲያ ፊትሽ ይታይሻላ!»

ይታየኛል እለዋለሁ፣ አልዋሸሁም፤ በየሕንፃው ሳልፍ ከእግሬ እስከ ራሴ ሙሉ ቁመቴ ይታየኛል፣ ብቻዬን። ያቺ መዳፍ የምታህል ነሐስ ግን ለሁለታችንም ትበቃ ነበር።