ስልኬን ያላነሱት ደንበኛዬ

ዛሬ ጠዋት ደጋግሜ ብደውል ጋሽ ዳና ስልኬን አላነሱም።

ለማታውቁኝ፣ እዚህ ሶዶ የሱቆችና የሆቴሎች ማስታወቂያ እሠራለሁ። የቤት ዕቃ መደብር ያላቸው ጋሽ ዳና የመጀመሪያ ደንበኛዬ ናቸው።

ሰኞ ሰኞ እደውልላቸዋለሁ፤ ሥራ ባይኖርም ለሰላምታ። ሳያነሱ ቀርተው አያውቁም።

ለመደብራቸው የለጠፍኩት ፎቶ አስቀይሟቸው ይሆን? ሌላ ሰው ይዘው ይሆን? (ስለ ደንበኛ አያያዝ ሥልጠና የምሰጠውም እኔው ነኝ።)

ባጃጅ ይዤ ከነፍኩ። መደብራቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ስልኩ ፊታቸው ነው።

«ስትደውዪ አይቻለሁ» አሉኝ። «ባለፈው ሳምንት እህቴን በዴሳ ከተማ ስቀብር ሰው ሁሉ ድንኳን መጥቶ አብሮኝ ተቀመጠ። አንቺ ግን በስልክ አጽናናሽኝ። ዛሬ ባላነሳስ ትመጪ ይሆን ብዬ ነው።»

ወንበር ሳቡልኝና ተቀመጥኩ። ስለ እህታቸው ብዙ አወሩኝ፤ ስለ ማስታወቂያው ግን አንድም ቃል አላነሱም። እኔም መጠየቅ ፈራሁ።

ይኸው ቢሮ ተመልሼም አልተረጋጋሁም። አብረን እንቀጥል አንቀጥል አላውቅም። የሚቀጥለው ሰኞ ግን ሳልደውል በእግሬ ነው የምሄደው።

እናንተስ፣ በስልክ የደረሳችሁት ለቅሶ አለ?