ኢንጂነር ፎርማት

አዳማ መናኸሪያ አጠገብ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለኝ። ዘካርያስ ብላ በስሜ የምትጠራኝ ባለቤቴ ማርቲ ብቻ ናት። ባለ ባጃጁም ሊስትሮውም «ኢንጂነር፣ አካም?» ይለኛል። የተማርኩት ሦስት ወር ነው፤ እሱንም ሰርተፍኬቱን ሳልወስድ። ታዲያ አላረምኳቸውም፤ ምን በወጣኝ!

ሙያዬ ሁለት ነው። አንደኛው ክራክ፤ የሚሸጠውን ፕሮግራም ቁልፉን ሰብሮ መጫን። መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጠፋለሁ፤ አለበለዚያ ይጮሃላ! ዘበኛውን አስተኝቶ ሌባ ማስገባት መሆኑ አንድም ቀን አልታየኝም። ሁለተኛው ፎርማት ነው፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን። ኮምፒውተሩ ከዘገመ ፎርማት፤ ድምፅ ካጣም ፎርማት። ባለቤቱ ውስጡ ምን እንደነበረው የሚያስታውሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

የማርቲ አባት ጋሽ ዲበኩሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ጣቢያ የሠሩ ጡረተኛ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ላፕቶፕ ላይ በአንድ ጣት የሕይወት ታሪካቸውን ሲጽፉ ኖረዋል። ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ ይቸኩላሉ። የሚጽፉበትን ፕሮግራም የጫነችላቸው ትንሿ ልጃቸው ሶሲ ናት፤ ሊብሬ ኦፊስ ይባላል፤ ማንም ሰው በነፃ የሚያወርደው ነው። ሳየው ሳቄ መጣ።

«ነፃ ነገር ምን ይረባል፣ ጋሼ? እኔ ዋናውን እጭንልዎታለሁ» አልኳቸው። ዋናው ያልኩት የተሰረቀውን ነው።

በጫንኩ በሦስተኛው ቀን ላፕቶፑ አልከፈት አለ። ሄጄ ባየው ጥቁር ስክሪን ብቻ! ላብ አጠመቀኝ። ጋሽ ዲበኩሉ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ጽሑፌስ?»

«ጋሼ... ፎርማት ሳይደረግ አይሆንም።»

«ፎርማት ሲደረግ ጽሑፌ ይተርፋል?»

ማብሪያውን ደግሜ ተጫንኩ። ገባቸው።

«እንግዲህ እንደገና ልጽፍ ብል ዓይኑም የለኝ» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሰውዬውን ዕድሜ በጉራዬ በላሁት!

ማርቲ ደውላላት ኖሮ ሶሲ ከዩኒቨርሲቲ እየሮጠች መጣች። «ኢንጂነር፣ እጅህን አንሳ! አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ» ብላ ከወንበሬ አስነሳችኝ። ከቦርሳዋ ፍላሽ አውጥታ ሰካች። ሊኑክስ የሚሉት፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ሥርዓት ነው፤ እሱም በነፃ። የተበላሸውን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ኮምፒውተሩን አስነሳው። ፋይሉን ፈልጋ አገኘች፤ ፍላሹ ላይም በነበረው፣ በዚያው በሳቅሁበት ፕሮግራም ከፈተችው። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ገጽ፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«እስኪ የመጨረሻውን ገጽ አንብብልኝ» አሉ ጋሽ ዲበኩሉ ወደ እኔ ዞረው።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። «የማርቲ ባል ኢንጂነር ነው። ላፕቶፔን እሱ ስለሚጠብቅልኝ ስለ ጽሑፌ ስጋት የለብኝም።»

ሶሲ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ኢንጂነር አይደለሁም» አልኩ። በተጋባን በስድስት ዓመታችን መሆኑ ነው።

«አውቃለሁ። ደስ ይበልህ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«በል አርመው» አሉኝ። «ኢንጂነር የሚለውን አጥፋና ልጄ ብለህ ጻፍ።»

ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ፊደሉ አልታይ አለኝ።

«ቀስ በል» አሉ ጋሽ ዲበኩሉ፤ «ደግሞ ፎርማት እንዳታደርገው!»