እንቅልፍ የያዘው ሳክስፎን

የአልበሙን ስም አልናገርም። ከተናገርኩ አንዱ ተነስቶ የባንዱ ሁለተኛ አልበም ይበልጣል ይላል፣ እኔም መልስ ሳልሰጥ ማደር አልችልም። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ የደብረ ብርሃን ነፋስ ሳይነሳ፣ በረንዳዬ ላይ ፀሐይ እየሞቅን የምንሠራው ይህንኑ ነው፤ ጃዝ እንሰማለን፣ እንጨቃጨቃለን።

ሦስት ነን። አንደኛው ከብርድ ልብስ ፋብሪካ በመካኒክነት ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። አንኮበር ከካህናት ቤተሰብ ተወልደው በልጅነታቸው ዜማ ስለተማሩ በበዓል ቀን ከበሮ ይመቱ ነበር። ሁለተኛው ከሐዋሳ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ነው። ጊታር በኤሌክትሪክ ካልጮኸ ሙዚቃ የተጀመረ አይመስለውም፤ እሱ የሚያመጣቸውን፣ ጃዝን ከሮክ የሚቀላቅሉ የፊውዥን አልበሞች ጋሼ «ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ሲያወራ» ይሏቸዋል። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ። ስለ ጃዝ ያገኘሁትን ሁሉ ስላነበብኩ የማላውቀው ነገር የቀረ አይመስለኝም ነበር።

ሌላውን ሙዚቃ ከስልክ ነው የምንሰማው። ያን አልበም ግን የትም ስላላገኘነው፣ ከአባቴ በወረስኩት ካሴትና በራሱ በአባቴ ቴፕ እንሰማው ነበር። ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ሳክስፎኑ ከባድ ነው፣ አይቸኩልም፣ እያንዳንዷን ድምፅ አጣጥሞ ይለቃታል። ስለዚህ እርጋታ ስንት እሑድ እንደሰበክሁ ቤት ይቁጠረው።

ጋሼ ግን ከመጀመሪያው ቀን አልተዋጠላቸውም።

«ይሄ ሰውዬ እንቅልፍ ይዞታል» አሉ። «ድምፁም ከቦታው ወርዷል። ከበሮውም ይጎተታል።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ወረብ አይደለም። ጃዝ ላይ ወደኋላ ማለት ጥበብ ነው» አልኳቸውና ያነበብኩትን ሁሉ ዘረገፍኩባቸው። መምህሩ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ካሴቱ በተከፈተ ቁጥር «የጋሼ ጆሮ ይቸኩላል» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር፤ አምስት ዓመት ሙሉ።

ባለፈው ዓመት ከበሮውን ተዉት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ጆሮዬ አርጅቷል፤ ማኅሌቱን ከማበላሽ ለሌላ ልልቀቅ» አሉኝ። አዘንኩላቸው፤ ዕድሜ ነው ብዬ ግን አለፍኩት።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ መምህሩ ሻይ ቤት አገኘኝና ስልኩን ዘረጋልኝ። «አገኘሁልሽ» አለ። ያ አልበም ነው። ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። ሳክስፎኑ ቀጠን፣ ቀልጠፍ ብሎ መጣ፤ ከበሮው ይዘልላል፤ ሊያስጨፍር ምንም አልቀረውም። ሲጎትት የኖረው የኔ ቴፕ ነው።

መምህሩ በሳቅ ሊሞት ነው። እኔ ግን ወዲያው ትዝ ያለኝ የጋሼ ከበሮ ነበር። ጆሯቸው አላረጀም፤ አርጅቷል ብዬ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ። አፈርኩ። ለአንድ አፍታ ዝም ብል ማን ያውቅብኛል ብዬ ማሰቤንም አልደብቅም።

በማግስቱ ሁለቱንም አሰማኋቸው፤ መጀመሪያ ካሴቱን፣ ቀጥሎ ስልኩን። ስልኩ ሲጀምር የጋሼ ጣቶች ጉልበታቸውን መምታት ጀመሩ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ አላቆሙም።

«ልክ ነበሩ» አልኳቸው። «ጥፋቱ የቴፑ ነው። የኔም ነው።»

ቴፑን አንስተው ፈቱትና ውስጡ ያለችውን የጎማ ቺንጋ በጣታቸው ሳብ አደረጓት። እንደ አሮጌ ካልሲ ላልታለች።

«ሠላሳ ዓመት የማሽን ቺንጋ ስቀይር ኖሬ!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ጠርጥሬም ነበር እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ አንብበሻል። እንደዚያ አስረግጠሽ ስትናገሪ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደግነቱ መምህሩ ካሴቱ ከስልኩ ይበልጣል ብሎ ድርቅ አለና አዲስ ክርክር ተጀመረ። ቺንጋው ይቀየር አይቀየር እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ጋሼ በተወለዱበት የአንኮበር ደብር ዓመታዊ በዓል ሲደርስ ሦስታችንም በሚኒባስ ሄድን። መምህሩ ሁለት ጃኬት ደርቦ ይንቀጠቀጣል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ስጠብቅ ጋሼ ከበሮውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ብቅ አሉ። ወረቡ በዝግታ ተጀመረ። ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳያስተውል፣ እሳቸው ይዘውት ፈጠኑ፤ ጭብጨባውም ጸናጽሉም ተከተላቸው። ደስታው እንባዬን አመጣው።

ሲያበቃ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ እኛ መጡ።

«እንዴት ነበር? ከልኩ በላይ ፈጠንኩ እንዴ?» አሉኝ።

አስተያየቴ እንደ ልማዱ አፌ ላይ ደርሷል። ዋጥኩት።

«እርስዎ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

ጥያቄው እንግዳ ስለሆነባቸው ትንሽ አዩኝ።

«አልፈጠንኩም» አሉ።