የአልሲድ ሦስት እርምጃ

በቤል ፎንተን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። የአስተናጋጆች ኃላፊ ነኝ፤ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ጫማ፣ ነጭ ጓንት። ጸሎት ከተጀመረ በኋላ ዘግይቶ የመጣ ሰው ካለ መዳፌን አነሣለሁ፣ ይቆማል። የከንቲባው ሚስትም ብትሆን ትቆማለች። "ሚስ ዩላ መንግሥተ ሰማያት ስትገባ ጴጥሮስን ከበሩ ላይ ታስነሣዋለች" እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ። ሥርዓት የሌለው ቤት ገበያ ነው።

ስለ አልሲድ ሜቶየር ላወራ ተነሥቼ ስለ ራሴ ጀመርኩ። ምን ላድርግ፣ እኔ የሌለሁበት የአልሲድ ታሪክ የለም።

የነዳጅ ማደያው ባለቤት በተገደለበት ምሽት አልሲድ እኛ ጋ ጉባኤ ላይ ነበር፤ በስተቀኝ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ። የሁለት ዓመት ልጁን ኦዴትን እንደታቀፈ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ፍርድ ቤት ቀርቤም ይህንኑ ተናገርኩ። ዐቃቤ ሕጉ ፈገግ ብሎ፣ "በዚያ ሁሉ ባርኔጣ መሐል የአንድን ሰው ፊት እንዴት አስታወሱ?" አለኝ።

"ያስቀመጥኩትን ሰው ካላስታወስኩ ታዲያ ሥራዬ ምንድን ነው?" አልኩት።

ሰዉ ሳቀ። ፈራጆቹ ግን አላመኑኝም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተማክረው ተመለሱና ዕድሜ ልክ ፈረዱበት። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር።

በገባ በዓመቱ አንዱ እስረኛ "ሊያመልጥ አስቧል" ብሎ ጠቆመበትና ብቻውን ዘጉበት። ከዚያ ረሱት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሦስት እርምጃ በሆነች ክፍል ውስጥ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የዚህ ሰው እውነት ግን ስንት ሌሊት አደረ! እናቱ ሚስ ኦፌሊያ ሳይነጋላት ሞተች። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ጠበቃ የተረሳ መዝገብ ቆፍራ፣ ገዳዩ ሌላ ሰው መሆኑን በደም ምርመራ አረጋግጣ አስወጣችው። የአንድ ገጽ የይቅርታ ደብዳቤ ሰጡት። አንብቤዋለሁ፤ የውሻ ክትባት ወረቀት እንኳ ከዚያ ይረዝማል።

በወጣ በመጀመሪያው እሑድ አገልግሎቱ አልቆ በሩን ስከፍት፣ የናቱ ወንድም የተዉትን ሙሉ ልብስ ለብሶ በረንዳው ላይ ቆሟል። ሸሚዙ በላብ ርሷል።

"አንተ! መቼ መጣህ?"

"መዝሙሩ ሲጀመር።"

"ሁለት ሰዓት ሙሉ? ታዲያ ለምን አትገባም?"

እጀታውን አየ፤ እኔን አየ። "በሩ ዝግ ነበር ሚስ ዩላ" አለኝ። "እስኪከፍቱልኝ ብዬ ነው።"

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በር ከፍቶ አያውቅም ነበር።  

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ አብሬው መንሸራሸር ጀመርኩ፤ ከናቱ ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ በሸንኮራ አገዳው እርሻ ጠርዝ። ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል። ግራና ቀኙ ሲዘጋበት ነው ጣጣው። ኮሪደር፣ ሱቅ ውስጥ በመደርደሪያ መሐል፣ ጠባብ በረንዳ፣ ሦስት ይራመድና በግራ እግሩ ዞሮ ይመለሳል። ራሱ አያውቀውም። እግሩ ነው የሚያውቀው።

የዚያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ከረግረጉ የሚነሣው ጉም አገዳውን እስከ ወገቡ ይሸፍነው ነበር። እኛም በጉሙ ውስጥ እየሄድን፣ እሱ ቀስ ባለ ድምፁ ያወራል። ድምፁን ለረጅም ጊዜ ስላልተጠቀመበት የሚያልቅበት ይመስል ይቆጥበዋል።

"ይሄን መንገድ በየእሑዱ መጥቼበታለሁ" አለኝ አንድ ቀን።

"የት ሆነህ?"

"እዚያው ሆኜ። ዓይኔን እጨፍንና ከማዬ ደጅ እነሣለሁ። ጫማዬን ጤዛ ያርሰዋል። የሚስተር ሎኒ ውሻ ይጮህብኛል።"

"ያ ውሻ ሞቷል።"

"እኔ ጋ አልሞተም።" ፈገግ አለ። ቀጥሎ በድንገት ክንዴን ያዘኝ። "ጎንበስ ይበሉ ሚስ ዩላ፣ ቅርንጫፉ እንዳይነካዎት።"

ቀና ብዬ አየሁ፤ ጉምና ሰማይ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ዛፍ ኖሮ አያውቅም።

"የበለስ ዛፍ ነው" አለ፤ አፍሯል። "በሁለተኛው ዓመት ተከልኩት። ጥላ የለም ብዬ። አሁን ትልቅ ሆኗል፣ በነሐሴ ፍሬው መሬት ይሞላል። እንደሌለ አውቃለሁ። እብድ አይደለሁም።"

"እብድ ነህ ያለህ ማን ነው?" አልኩትና ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። በማግስቱም ጎንበስ አልኩ። በሳምንቱ፣ ውሸት ምን ይሠራልኛል፣ የቅጠሉ ሽታ ሸተተኝ።

ያን ዕለት በሩ አጠገብ ስንደርስ ጠየቅኩት። "እና ስትገባ የት ትቀመጥ ነበር? ሦስተኛው ወንበር ላይ?"

 "ገብቼ አላውቅም" አለ። "እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ እርስዎ አሉ። ጓንትዎን አድርገው መዳፍዎን ያነሣሉ። ጸሎት ላይ ናቸው፣ ቆይ ይሉኛል። እኔም እቆያለሁ። ከዚያ የክፍሌ የምግብ ማቀበያ መስኮት ይንኳኳና እነቃለሁ።"

"እኔ? በሐሳብህም ከልካይ አደረግኸኝ?"

"ይቅርታ ሚስ ዩላ።"

"አንተ ምን ይቅርታ ትጠይቃለህ!" ብዬ ጮህኩበት፤ ጩኸቴ ለማን እንደነበር እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው በር ላይ ማቆም!

ኦዴት አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባተን ሩዥ ከተማ ነርስ ናት። ዴዝመንድ የሚባል ረጅም፣ ጨዋ የጀልባ መካኒክ ልታገባ ነው። ከወንበሮቹ መሐል አልፎ መድረኩ ድረስ ይዟት የሚሄደው አባቷ እንዲሆን ፈለገች። የፈለገችው ይህን አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም እሺ አላት፤ እምቢ ማለት እንዴት ይችላል?

ከበሩ እስከ መድረኩ ሠላሳ ስምንት እርምጃ ነው። ግራና ቀኙ ወንበር ነው።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ልምምድ አደረግን። ክንዷን ያዘ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ዞረ። ፊቱ ወደ በሩ ሆነ። "ይቅርታ ልጄ" አለ። እንደገና፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ዞረ። አምስት ጊዜ ሞከረ። አንገቱ በላብ ረጠበ። ሁለተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠችው የዴዝመንድ አክስት ለጎረቤቷ፣ "ሰውየው ሠርጉ ዛሬ መስሎት ይደንሳል እንዴ?" ስትል ሁላችንም ሰማናት።

"እሜቴ፣" አልኳት፣ "በዚህ ቤት በልምምድም ቢሆን አፍ ይዘጋል። ካቃተሽ በሩን አሳይሻለሁ።"

አልሲድ ግን አንዴ ሰምቶታል። ልጁን ወደ በረንዳው ወሰዳት። በሩን ይዤ ስለነበር ሰማኋቸው፤ ሥራዬ ነው።

"ነገ እኔ ቤት ልቅር" አላት። "ዴዝመንድ ራሱ ይውሰድሽ። በሠርግሽ ቀን ሰው አይሳቅብሽ።"

"አባዬ፣" አለችው፣ "አያቴ በየምረቃዬ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ባርኔጣዋን ታስቀምጥ ነበር፤ 'ተይዟል፣ የልጄ ነው' ትላለች። አስተማሪዎቹ ባርኔጣው ለምን ወንበር እንደሚያስፈልገው ይጠይቁኝ ነበር። ነገ አንተ ካልመጣህ እኔም አልገባም። ሙሽሪት የሌለችበት ሠርግ ይሁንላቸው።"

"እልኸኛ ነሽ።"

"ማንን መስዬ?"

ቃሏ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱም አወቀ።  ያን ሌሊት ለእሱ መጸለይ ጀመርኩና ምን ብዬ እንደምጨርስ ጠፋኝ።

ወሩ ጥቅምት ነበር፤ በማግስቱ አየሩ የተቃጠለ አገዳ ይሸታል፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ በየሰዉ እጅ ያለው የወረቀት ማራገቢያ ሁሉ ይወዛወዛል። በመስኮት ሳይ አባትና ልጅ በሜዳው መጡ። እሱ የአጎቱን ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ እሷ ቀሚሷን ሰብስባለች። ከደጁ ሲደርሱ እሱ ጎንበስ አለ። እሷም ቬሏን በእጇ ይዛ ጎንበስ አለች። ስለ በለሱ ለእሷም ነግሯታል ማለት ነው። 

በሩን ከፈትኩላቸው፤ ሲገቡም ከኋላቸው ዘጋሁት። ኦርጋኑ ተጀመረ፤ ሰዉ ተነሣ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። ዞረ።

ኦዴት አብራው ዞረች። ክንዱን አልለቀቀችም፤ ፈገግታዋም አልጠፋም። ወደ በሩ ሦስት፣ ዞሩ፤ ወደ መድረኩ ሦስት፣ ዞሩ። ቀሚሷ እግሯ ላይ ተጠመጠመ። ኦርጋን የሚመታው ልጅ መዝሙሩን ጨርሶ እንደገና ጀመረ። ማንም አልሳቀም፤ አክስትየዋ እንኳ ማራገቢያዋን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋዋለች።  አልሲድ ዓይኑን ወደ እኔ አነሣ። እኔ በሩ ላይ ነኝ፣ ጓንቴን አድርጌያለሁ፣ እሱም ፈቃድ ጠበቀ። እንደዚያ እንደ ሕልሙ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ጓንቴን አወለቅኩና ወለሉ ላይ ጣልኩት። "ፓስተር ሩፈስ!" ብዬ ጮህኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በአገልግሎት መሐል ድምፄን ሳሰማ የመጀመሪያዬ ነው። "መጽሐፍ ቅዱስዎን ይዘው ወደዚህ ይምጡ! ሙሽራውም ይምጣ!"

"እህት ዩላ፣ ሥርዓቱ እኮ..." አለ ፓስተሩ።

"ሥርዓቱን ለእኔ ይተዉት! የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ የማፈርሰውም እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ከቦታው እንዳይነቃነቅ፣ እንዳይጠጋቸው። ባላችሁበት ወደ በሩ ዙሩ!"

ሁለት መቶ ሰው ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ ዞረ። የልብሱ ሹክሹክታ አገዳውን ነፋስ ሲመታው ይመስል ነበር። ዴዝመንድ ሠላሳ አምስቱን እርምጃ በሩጫ ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። ፓስተር ሩፈስ ከኋላው እያለከለከ ደረሰ። አልሲድ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ነበር፤ ሊዞር ግራ እግሩን ሲያነሣ ፊት ለፊቱ ሁለቱ ቆመው አገኛቸው። እግሩን መለሰው።

"ይህችን ልጅ የሚሰጥ ማን ነው?" አለ ፓስተሩ።

"እኔ" አለ አልሲድ። ድምፁን አልቆጠበውም፤ መድረኩ ድረስ ተሰማ። "እኔ አባቷ።"

እዚያው በሩ አጠገብ ተጋቡ። ቀለበት አደረጉ፣ ተሳሳሙ፣ ሰዉ "ሃሌሉያ" እያለ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። እኔ ስሜን እስክረሳ አለቅሳለሁ። ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲዞሩ ነው በሩ ዝግ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ኃላፊዋ በሩን ረስታለች፤ ጉድ በሉ!

እጄን ሳልዘረጋ የአልሲድ እጅ ቀደመኝ። እጀታውን ያዘ። እኔን አላየም፣ ማንንም አላስፈቀደም። ገፋው። የጥቅምት ፀሐይ እስከ ሦስተኛው ወንበር ገባ።

ቀድሞ ወጣ። በረንዳው ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ አጥር አለው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተራመደና እንደ ልማዱ በግራ እግሩ ዞረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዞረ ቁጥር የጠበቀው ግድግዳ ነበር። አሁን ሲዞር ልጁ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ እሱ እየመጣች ነው። ቆመ፤ እጁን ዘረጋላት። እኔም በሩ እንዳይዘጋባቸው በጀርባዬ ደግፌ ያዝኩት።